ርስት በሺህ ዓመቱ፦ የጣሊያን ፓስፖርት ለማን ይገባል?

በሰሜን ጣሊያን፣ ዶሎሚቲ ተራሮች መሃል፣ ቫል ዲ ዞልዶ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ነዋሪዎቿ 3 ሺህ አይሞሉም። ከጥቂት ጊዜ በፊት ከንቲባዋ በማዘጋጃ ቤቱ ላይ የብራዚልን ባንዲራ ሰቀሉ። በዓል ኖሮ አይደለም። ተቃውሞ ነው። ከብራዚል የሚጎርፈው የዜግነት ማመልከቻ የማዘጋጃ ቤቱን ጥቂት ሠራተኞች አጥለቅልቋቸው፣ የነዋሪውን ጉዳይ የሚያይ ሰው ጠፍቶ ነበር።

ዞልዶ በአውሮፓ ስሟ የሚነሳው በጄላቶ፣ ማለትም በጣሊያኖቹ አይስክሬም ነው። የሸለቆው ሰዎች በ19ኛው ክፍለ ዘመን አይስክሬም ሊሸጡ ወደ ቪየና፣ ከዚያም ወደ ጀርመን ከተሞች ወረዱ። ጸደይ ሲመጣ ይሄዱ ነበር። ብርዱ ሲጀምር ይመለሳሉ። ከዚህ አካባቢ ውቅያኖስ ተሻግረው የቀሩም ብዙ ናቸው። ዛሬ የማዘጋጃ ቤቱን ጠረጴዛ የሞላው የእነዚያ የቀሩት ሰዎች ዘር ወረቀት ነው።

ጉዳዩ ከቢሮ ሥራ በላይ ነው። አንድ አገር ቅርሴንና ስሜን የሚወርሰው ማን ነው ብላ ስትጠይቅ የምትመልሰው መልስ ነው። ጣሊያን በ2025 ይህን ጥያቄ ሁለት ጊዜ መልሳለች። በእኔ እምነት በመጀመሪያው መልሷ ግማሽ ልክ ናት። በሁለተኛው ግን ተሳስታለች። (ዓመቶቹም ቀኖቹም ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ታሪኩን ትንሽ ወደ ኋላ ልውሰደው።

ጣሊያን አንድ መንግሥት የሆነችው በ1861 ነው። አገሪቱ ገና ከመመሥረቷ ሰው መፍሰስ ጀመረ። በቀጣዮቹ መቶ ዓመታት ከ25 ሚሊዮን በላይ ሰው ተሰደደ። በ1913 ብቻ ከ870 ሺህ በላይ ወጥቷል። ብዙዎቹ ተመልሰዋል፤ ብዙዎቹ ደግሞ እንደወጡ ቀርተዋል። ብራዚል በ1888 ባርነትን ስታስቀር የሳኦ ፓውሎ የቡና እርሻ ባለቤቶች ሠራተኛ አጡ። የመርከብ ቲኬት እየተከፈለላቸው ከሰሜን ምሥራቅ ጣሊያኗ ቬኔቶ ድሃ ገበሬዎች ተጫኑ። እዚያ የጠበቃቸው ሕይወት ግን ከባርነቱ ብዙም ያልራቀ ስለነበር ጣሊያን ራሷ በ1902 ያን የቲኬት ጉዞ ከለከለች። በአሜሪካም ቀላል አልነበረም። በ1891 ኒው ኦርሊንስ ውስጥ ሕዝብ ገንፍሎ 11 ጣሊያናውያንን ያለ ፍርድ ገደለ። በ1956 ደግሞ ቤልጂየም፣ ማርሲኔል በተባለ የከሰል ማዕድን ውስጥ በተነሳ እሳት 262 ሰው ሞተ። ከእነዚህ 136ቱ ጣሊያናውያን ነበሩ።

የባሕር ማዶ ልጅ ያለው ቤተሰብ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው ይሄ። የሄደው ይሰቃያል፤ የሚልከው ብር ግን ቤት ያቆማል። የጣሊያን መንግሥትም ይህን አይቷል። በ1912 ያወጣው ሕግ በውጭ የተወለደ ልጅ የተወለደበት አገር ዜጋ ቢያደርገውም ጣሊያናዊነቱን እንዳያጣ ፈቀደ። ዋናው ሐሳብ ግልጽ ነበር፦ የሄደው ሰው እንዳይቆረጥብን።

የ1992ቱ የዜግነት ሕግም በዚሁ መሠረት ላይ ቆመ። እስከ 2025 ድረስ አንድ ሰው ከጣሊያናዊ ቅድመ አያት መምጣቱን በወረቀት ካሳየ ጣሊያናዊ ነበር። ጣሊያን “ዜግነት ሰጠሁህ” አትለውም። “ድሮውንም ዜጋዬ ነበርክ” ብላ ታውቅለታለች። የትውልድ ገደብ አልነበረውም። ቅድመ አያቱ እስከ 1861 ድረስ በሕይወት ከነበሩና ሰንሰለቱ መሃል ላይ ካልተበጠሰ ይበቃል። ቋንቋ አይጠየቅም። አገሪቱን ረግጦ አለማወቅም አይከለክልም።

የድሮውን የርስት ሥርዓት የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ባለርስት የአቅኚው አባት ልጅ ነው። አገር ለቆ ስንት ዘመን ቢቆይም፣ ተመልሶ የዘር ሐረጉን ቆጥሮ ካስመሰከረ ድርሻውን ይጠይቃል። “ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ” የተባለው ለዚህ ነው። በመሬቱ ላይ እያረሰ የሚኖረው ሐረግ የሌለው ሰው ግን ስንት ዓመት ቢያርስም ጢሰኛ ነው። የጣሊያን የዜግነት ሕግ በመሠረቱ የርስት ሕግ ነው። ባለርስትም አለበት፤ ጢሰኛም አለበት።

ባለርስቶቹ በዙ። በየዓለሙ ያሉ የጣሊያን ዘሮች ከ60 እስከ 80 ሚሊዮን እንደሚደርሱ ይገመታል። የጣሊያን ሕዝብ ራሱ 59 ሚሊዮን ያህል ነው። በውጭ የሚኖሩ ዜጎች ቁጥር በ2014 ከነበረበት 4.6 ሚሊዮን ገደማ በ2024 መጨረሻ ወደ 6.4 ሚሊዮን ከፍ አለ። በደቡብ አሜሪካ ቆንስላዎች ወረፋው ዓመታት ይፈጃል። ስለዚህ ሰው ወደ ፍርድ ቤት ሄደ። ከ60 ሺህ በላይ ክስ በፍርድ ቤቶች ተከመረ፤ ብዙው የቬኒስ ፍርድ ቤት ላይ ነው። የድሮ የጥምቀትና የልደት መዝገብ እየፈለጉ የሚነግዱ ድርጅቶች ተፈጠሩ። የአርጀንቲናው ፕሬዚዳንት ሀቪየር ሚሌይ በታኅሣሥ 2024 ሮምን ሲጎበኙ ዜግነቱ በቶሎ ሲሰጣቸው ቅሬታው ፈነዳ። እዚያው ጣሊያን ተወልደው የሚጠብቁት ልጆችስ የሚለው ጥያቄ ያኔ በየጋዜጣው ተነሳ።

የመጀመሪያው መልስ መጋቢት 28፣ 2025 መጣ። መንግሥት አስቸኳይ ድንጋጌ አወጣ። ፓርላማው በግንቦት ሕግ አድርጎ አጸደቀው። አሁን በውጭ የተወለደና ሌላ ዜግነት ያለው ሰው ጣሊያናዊ ለመባል ወላጁ ወይም አያቱ ጣሊያናዊ፣ ያውም የጣሊያን ዜግነት ብቻ ያላቸው፣ መሆን አለባቸው። ወይም ወላጁ ዜጋ ከሆነ በኋላ፣ ልጁ ከመወለዱ በፊት፣ ጣሊያን ውስጥ ቢያንስ 2 ዓመት ሳያቋርጥ ኖሮ መሆን አለበት። ማመልከቻውን እስከ መጋቢት 27 እኩለ ሌሊት ያስገባ በድሮው ሕግ ይታያል። አንድ ቀን የዘገየ ግን ቀረ።

የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ አንቶኒዮ ታያኒ ሲያስረዱ፣ ዜግነት ማያሚ ሄዶ ለመሸመት የሚያስችል ፓስፖርት ማግኛ ጨዋታ አይደለም አሉ። የጣሊያን ፓስፖርት ያለው ሰው ወደ አሜሪካ ያለ ቪዛ ስለሚገባ ነው ይህን ያሉት። እውነት አላቸው። ፓስፖርቱን ለጉዞ ብቻ የሚፈልግ ሰው ሞልቷል። አምስት ትውልድ የራቀ ሰው ጣሊያንን አይቶ ሳያውቅ፣ ቋንቋዋን ሳይናገር፣ ለፓርላማዋ ድምፅ መስጠቱ ተገቢ ነው ብዬ አላስብም። በውጭ ያሉ ዜጎች 8 የምክር ቤት አባላትና 4 ሴናተሮች ይመርጣሉ። ገደብ መኖሩ ስህተት አይደለም።

ግማሽ ልክ ናት ያልኩት ገደቡ ስለተመተረበት መንገድ ነው። ሕጉ ትውልድ ይቆጥራል፤ ፍቅርና ልፋት አይቆጥርም። በደቡብ ብራዚል፣ ሪዮ ግራንዴ ዶ ሱል ውስጥ፣ ከቬኔቶ የሄዱት ገበሬዎች ልጆች ታሊያን የሚባል ቋንቋ ይናገራሉ። መሠረቱ የቬኔቶ ቋንቋ ነው፤ ፖርቱጋልኛ ተቀላቅሎበታል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የብራዚል መንግሥት በአደባባይ እንዳይነገር ከልክሎት ነበር። ሰዎቹ በቤታቸው፣ በጸሎታቸው፣ በወይን መሰብሰቢያ ዘፈናቸው ይዘውት ቆዩ። በ2014 ብራዚል ቅርሷ አድርጋ መዘገበችው። እነዚህ ሰዎች አሁን ከአያት ስለራቁ ወጥተዋል። ጣሊያን ውስጥ የተወለደ አያት ያለው፣ ግን አንድም የጣሊያንኛ ቃል የማይሰማ ሰው ደግሞ መግባት ይችላል።

ይበልጥ ልብ የሚነካው ጊዜው ነው። የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሩ 2024ን “በዓለም ያሉ የጣሊያን ሥሮች ዓመት” ብሎ ሰይሞ ነበር። የአያቶቻችሁን መንደር ኑና እዩ፣ ሥራችሁን ፈልጉ እያለ ሲጋብዝ ከረመ። ባዶ የቀሩ መንደሮች ባለቤት ያጣ ቤት በ1 ዩሮ የሚሸጡ ናቸውና እንግዳው ያስፈልጋቸዋል። ሰው የአያቱን ስም በቤተ ክርስቲያን መዝገብ ላይ አግኝቶ አልቅሶ ሳይጨርስ ድንጋጌው ወጣ። ጉዳዩ እስከ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል።

ብዙ ሰው የሚያልፈው አንድ ነገር ላይ ግን ቆም ማለት እፈልጋለሁ። ይህ ሁሉ “የደም ሕግ” ይባላል። እውን የደም ነበር ወይ?

እስከ 1948 ድረስ ጣሊያናዊት እናት፣ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር፣ ዜግነቷን ለልጇ ማስተላለፍ አትችልም ነበር። የሚቆጠረው የአባት ደም ነው። አዲሱ ሕገ መንግሥት ሥራ ላይ ከዋለ በኋላም ከዚያ በፊት የተወለዱት የሴት ልጆች ዘሮች ለመብታቸው እስከ ዛሬ የሚሄዱት ፍርድ ቤት ነው።

የአባት ደምስ ሁሌ ተቆጥሯል? ይህን የሚመልሱት የእኛ ሰዎች ናቸው። ጣሊያን ኢትዮጵያን በወረረችበት ዘመን ብዙ ወታደሮችና ሠራተኞች ከአገሬው ሴቶች ጋር ይኖሩ ነበር፤ ልጆችም ተወለዱ። በ1937 የፋሺስቱ መንግሥት ከአገሬው ሰው ጋር እንደ ባልና ሚስት የኖረ ጣሊያናዊ ከ1 እስከ 5 ዓመት እንዲታሰር ደነገገ። በ1940 ደግሞ ክልስ ልጆች ላይ ሕግ ወጣ። አባት ልጁን “የኔ ነው” ብሎ ማስመዝገብ ተከለከለ። ልጁ የአባቱን ስም አይወስድም። ማሳደጊያው ሙሉ በሙሉ በእናት ላይ ነው። በዚያው ዘመን ቦነስ አይረስ ውስጥ ከጣሊያናዊ አባት የተወለደ ልጅ ያለ ጥያቄ ጣሊያናዊ ነው። አዲስ አበባና አስመራ ከጣሊያናዊ አባት የተወለደው ግን በሕግ ፊት አባት የለውም። ሕጉ ከጦርነቱ በኋላ ተሽሯል። አባቶቹ ግን ብዙዎቹ ሄደዋል። ልጆቹ በእናታቸውና በሚሲዮን እጅ አድገው፣ የአባታቸውን ስም በጆሮ ብቻ እያወቁ አርጅተዋል።

ስለዚህ ደም መቼም ለብቻው በቅቶ አያውቅም። ሁልጊዜ ሕግ አውጪው የማንን ደም እንደሚቆጥር ይመርጥ ነበር። ዛሬም የሚመርጠው እሱ ነው። ይህን ማወቅ የሚጠቅመን ሁለተኛውን መልስ ለማየት ነው።

ጣሊያን ውስጥ ከ5 ሚሊዮን በላይ የውጭ ዜጋ ይኖራል። እዚያ የሚወለዱት ልጆቻቸው በልደት ዜጋ አይሆኑም። ሮም ወይም ቦሎኛ ተወልዶ፣ በጣሊያንኛ አፉን ፈትቶ፣ የክፍል ጓደኞቹን ቀልድ ሁሉ እየተረዳ ያደገ የሀበሻ ልጅ በሕግ ፊት የውጭ ሰው ነው። እንደ ወላጆቹ በየጊዜው የሚታደስ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ሀበሾቹ በአጭሩ “ሶጆርኖ” የሚሉትን፣ ይይዛል። ክፍሉ ለጉብኝት ወደ ሌላ አገር ሲሄድ እሱ በመጀመሪያ ስለ ቪዛ መጠየቅ ይኖርበታል። 18 ሲሞላው፣ እስከዚያ ድረስ ሳያቋርጥ በሕጋዊ መንገድ መኖሩን አሳይቶ ዜግነቱን ማሳወቅ ይችላል። የተሰጠው ጊዜ አንድ ዓመት ነው።

ውጭ ተወልዶ በልጅነቱ የመጣው፣ የአውሮፓ ኅብረት ዜጋ ያልሆነው ደግሞ፣ 10 ዓመት መኖር አለበት። ከዚያ ያመለክታል። የሦስት ዓመት ገቢ ያሳያል፤ የቋንቋ ፈተና ያልፋል። መልሱ እስከ 3 ዓመት ሊቆይ ይችላል። ያ የ2025ቱ አዲስ ሕግ ግን በትውልድ ጣሊያናዊ ለሆነ ሰው ልጅና የልጅ ልጅ፣ ከውጭ መጥቶ ለሚኖረው፣ የነዋሪነቱን ዘመን ከ3 ወደ 2 ዓመት አሳጥሮታል። ባለርስቱ 2 ዓመት፤ ጢሰኛው 10 ዓመት።

ሁለተኛው መልስ የመጣው በሰኔ 2025 ነው። ይህን 10 ዓመት ወደ 5 ለማውረድ ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ። በጣሊያን ሕግ ከመራጩ ግማሽ በላይ ካልወጣ ውጤቱ ዋጋ የለውም። የወጣው 30 በመቶ ያህል ነው። የገዢው ጥምረት ደጋፊዎቹ ቤታቸው እንዲቀሩ ሲመክር ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትሯ ጆርጂያ ሜሎኒ ምርጫ ጣቢያ ሄደው የድምፅ መስጫውን ወረቀት ሳይወስዱ ተመለሱ። ከሁሉ ያሳዘነኝ ግን ሌላ ቁጥር ነው። ወጥተው ድምፅ ከሰጡት ውስጥ እንኳ ከሦስቱ አንዱ ያህል “አይሆንም” ብሏል። በዚያው ቀን በቀረቡት የሠራተኛ መብት ጥያቄዎች ላይ “እሺ” ያለው ሰው ግን እጅግ ብዙ ነበር። ለሠራተኛ መብት የወጣ ሰው ለጎረቤቱ ልጅ ሲሆን አመነታ።

ደሴ የተወለደውን ሯጭ የማነብርሃን ክሪፓን አስቡት። በልጅነቱ በጉዲፈቻ ጣሊያናውያን ወላጆች ወሰዱት። በ2022 ሙኒክ ላይ በ10,000 ሜትር የአውሮፓ ሻምፒዮን ሲሆን የለበሰው የጣሊያንን ሰማያዊ ማሊያ ነው። ደስ ይላል። ያው ልጅ ግን ከሀበሻ ወላጆቹ ጋር ተሰዶ ቢመጣ ኖሮ ያን ማሊያ ለመልበስ ስንት ዓመት ይጠብቅ ነበር?

አሁን ወደ ቅርሱ ልምጣ። በታኅሣሥ 2025 ዩኔስኮ የጣሊያንን የምግብ ባህል በማይዳሰስ የዓለም ቅርስነት መዘገበ። ይገባታል። ግን ያን ምግብ ማን ነው የሚያቆየው? በፖ ወንዝ ሜዳ ፓርሚጃኖና ግራና ፓዳኖ የተባሉትን አይቦች የሚሆነውን ወተት ከሚሰጡት ላሞች ሥር ንጋት ላይ የሚገኙት፣ ለብዙ ዓመታት፣ ከሕንድ ፑንጃብ የመጡ የሲክ እምነት ተከታዮች ናቸው። የጣሊያን ወጣት የላም ሥራውን ሲተው እነሱ ያዙት። ኖቬላራ በምትባል ከተማ ከ2000 ጀምሮ ትልቅ ቤተ መቅደሳቸው ቆሟል።

አጊቱ ጉደታን የማያስታውስ ሀበሻ ጥቂት ነው። አዲስ አበባ ተወለደች። ሰሜን ጣሊያን፣ ትሬንቶ ከተማ ሶሲዮሎጂ አጠናች፤ አገሯ ተመለሰች። በመሬት ቅሚያ ላይ በመቃወሟ በ2010 ለመሸሽ ተገደደች። ትሬንቲኖ ተራራ ላይ ሰው የተወውን መሬት ይዛ በ15 ፍየል ጀመረች። የመረጠችው ዘር የሸለቆው የራሱ፣ ሊጠፋ የተቃረበው የሞኬና ፍየል ነው። ፍየሎቿ 180 ደረሱ። አይብ ሠራች፤ እርሻዋንም “ደስተኛዋ ፍየል” አለችው። የሰፈሩ ሰው ልጆች ወደ ከተማ ሲወርዱ፣ የአያቶቻቸውን ፍየልና ግጦሽ ያቆየችው ከአዲስ አበባ የመጣች ሴት ናት። በቆዳዋ ምክንያት ዛቻ ደርሶባት ነበር፤ ዛቻውን ያደረሰውም በፍርድ ቤት ተቀጥቷል። በታኅሣሥ 2020 ቤቷ ውስጥ፣ ለእሷ በሚሠራ ሰው እጅ ተገደለች። ሸለቆው ሁሉ አለቀሰላት።

አጊቱ ለዚያ ተራራ ምን ነበረች? የዘር ሐረግ የላትም። ቅርሱን ግን በእጇ ይዛ ነበር። ባህል እንዲህ ነው የሚያልፈው። እኛም ጋ ፒያሳ፣ መርካቶ፣ ካዛንቺስ ስንል፣ ፌርማታ ቆመን ታክሲ ስንጠብቅ፣ ጎሚስታ ጋ ጎማ ስናሠራ፣ ማኪያቶ ስናዝዝ፣ ቃሉ መጀመሪያ በማን በኩል እንደገባ ትዝ አይለንም። በወረራ የመጣ ነው። የቆየው ግን ሰው በየቀኑ ስለሚኖርበት ነው።

ጣሊያን ደግሞ ሰው አጥታለች። በ2024 የተወለዱት ሕፃናት 370 ሺህ ያህል ብቻ ናቸው። በዚያ ዓመት አንዲት ሴት በአማካይ የምትወልደው 1.18 ልጅ ነበር፤ እስከዚያ ድረስ እንዲህ ወርዶ አያውቅም ነበር። በየዓመቱ ከ100 ሺህ በላይ ጣሊያናዊ ዛሬም ሥራ ፍለጋ ይሰደዳል። በመንደር ትምህርት ቤት ክፍል የሚሞላው የስደተኛ ልጅ ሲኖር ነው። እኔ ብጠየቅ አንድ ሕግ ለሁለቱም እመኝ ነበር። ብራዚል ያለውም፣ ቦሎኛ ያለችውም፣ በቋንቋው፣ በኖረበት ጊዜ፣ ለአካባቢው በሠራው ይመዘን። ትምህርት ቤቱን እዚያው ለጨረሰ ልጅ ደግሞ 18 እስኪሞላው መጠበቅ ለምን እንዳስፈለገ አይገባኝም።

እስከዚያው ሁለቱም የሚሄዱት ወደ አንድ ቢሮ ነው። የማዘጋጃ ቤቱ የክብር መዝገብ ሹም የብራዚሉን ሰው የ1880ዎቹ የጥምቀት ወረቀት ይመረምራል። 18 ዓመት የሞላት ልጅም እዚያው መስኮት ላይ ትቆማለች። ከ2013 ወዲህ በተደረገ ማሻሻያ ወላጆቿ ሳይመዘግቧት የቀሩበት ጊዜ ካለ በትምህርትና በሕክምና ማስረጃ መሙላት ትችላለች። ስለዚህ ፌስታል ሙሉ ወረቀት ይዛለች፦ የክትባት ካርድ፣ የመዋዕለ ሕፃናት ምዝገባ፣ የየዓመቱ የውጤት ካርድ። ከተወለደችበት ከተማ ወጥታ አለመቅረቷን የሚያሳይ ወረቀት ሁሉ አለ። ወረፋዋን ይዛ ትጠብቃለች።